ወንፊቱ ያስቀረው

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ የቤቴ በር አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደምሞት ነገረኝ።

በትሕትና ነው የነገረኝ፤ በሩ ክፉ አፍ የለውም። ዋናው አድራሻዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው መልእክት ስላልደረሰው አርብ እንደሚዘጋ፣ አድራሻው የተዘጋበት ሰው በመዝገብ ቤቱ ደንብ እንደ ሟች እንደሚቆጠር፣ ከዚያ በኋላ ቤቱም ሱቁም እንደማይከፈትልኝ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ሲጨርስ መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ተከፈተ። እኔም ወጣሁ። ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀኝ ለመሞት ጊዜ የለኝም።

ሶልያና እባላለሁ፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የቀን አድራሻ መሸጥ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችው ሰማያዊ ሱቅ የኔ ናት። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ሰው ይሰለፋል፤ በአንድ እጁ ዳቦ በሌላው አድራሻ ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዱን ለሐኪም ቤት፣ አንዱን ለገበያ፣ አንዱን ለቤት አከራይ። የጎረምሳ እናቶች አራት አምስት ይወስዳሉ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አድራሻዎቹ ሁሉ ከነተቀበሉት መልእክት ይከስማሉ። በነጋታው ሌላ ይገዛል።

እንዲህ የሆነው በለፍላፊዎቹ ምክንያት ነው። ለፍላፊ የምንለው አድራሻህን አንዴ ካገኘ የማይለቅህን የሻጭ ድምፅ ነው። በግድግዳህ ይገባል፣ በፍሪጅህ ይገባል፣ ትራስህ ውስጥ ሆኖ በስምህ ይጠራሃል። ፍራሽ ግዛ ይልሃል፣ ጥርስ ትከል ይልሃል፣ የጉልበት ቅባት፣ መቃብር በቅድሚያ። ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላለህ፤ ማስወጣት ግን አትችልም። በእናቴ ዘመን ስልክ ላይ ብቻ ነበር አሉ የሚመጡት፤ በጣት ጠረግ ማድረግ ይበቃ ነበር። ታድለው።

ስለዚህ ዛሬ ሰው ዋናውን አድራሻውን ይደብቃል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ የዕለቱን ይቀያየራሉ፤ ከተዋደዱ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የነገውን ካልተቀጣጠሩ ተጠፋፉ ማለት ነው። ስንቱ ወጣት ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ትናንት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ካንቺ ገዝታ ነበር?» ብሎ ለምኖኛል። አልናገርም። ሥራዬ ነው። ዋናውን አድራሻ ለሰው መስጠት ትዳር መያዝ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው የሚጠየቀው። እድራችን እንኳ ሞት የሚያስነግረው ጡሩምባ ነፊ በእግር አዙሮ ነው። በየቀኑ አድራሻው የሚከስም ሰው በሌላ በምን ይገኛል?

ሱቄ ግንባር ላይ «ዋናህን ለጥላህም አትስጥ» የሚል ጽፌ ሰቅያለሁ። ከራሴ አፍ የወጣ ነው፤ አሁን የሰፈሩ ሰው ተረት አድርጎታል። እኔም በቃሌ ኖሬያለሁ። ዋናውን አድራሻዬን የሰጠሁት ለአንድ ሰው፣ ለባሌ ለያሬድ ብቻ ነው። ያሬድ የባቡር ቴክኒሺያን ነበር፤ ሳቂታ፣ ከድንጋይም ጋር የሚጫወት ሰው። የመጨረሻ መልእክቱን የጻፈልኝ ከሐኪም ቤት ነው፤ «ጨው የሌለው ሾርባ ሰጡኝ፣ ነይና አውጪኝ» ይላል። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከዚያ ወዲህ አድራሻዬ ላይ ወንፊት ጫንኩበት፤ ለገበያ ከሚሸጠው ሁሉ ጥብቁን። አንድ ለፍላፊ አልገባም። አንድ ሰውም አልገባም። እኔ ግን ንጽሕናው ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ከኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው ኢምራን አደም ይባላል። ቬንትሌተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስድሳ ሰባት ዓመቱ፣ ሚስቱ ከሞተች ቆየች። በሰፈራችን የቀን አድራሻ ገዝቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዋናውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ ለሐኪሙ፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለቲማቲም ሻጯ። ለምን ሲሉት «ቬንትሌተሩ የተበላሸበት ሰው በማግስቱ ሊያገኘኝ አይገባም እንዴ?» ይላል። ጡረታ ወጥቶም መልሱን አልቀየረም። ስለዚህ የከተማው ለፍላፊ ሁሉ እሱ ቤት ነው የሚውለው። ይባስ ብሎ ያናግራቸዋል። ፍራሽ ሻጩን «ዛሬ ምነው ድምፅህ ሻከረ?» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያሬድ በሕይወት ሳለ የኢምራን ቤት ድምፅ ይህን ያህል አልነበረም። ያሬድ በሞተ በሁለተኛው ወር ግን ከፍ አለ፤ እንደ ሰርግ ቤት። ነገሩ ገባኝ። ባል የሞተባትን ሴት ማን ይፈራል? ነደደኝ። ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ያድርጉት አላልኩትም። እኔ ትውልዴ ደሴ ነው፣ በጋብቻ ነው ድሬ የገባሁት፤ ጎረቤትን ፊት ለፊት ጩኸትህ በዛ ማለት ይሉኝታዬ አይፈቅድልኝም። ከእሱ በቀር ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ናቲ ሦስት ጊዜ ከስሼዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ «እንዳትነግረው» ብዬ አስምዬ። ድሬ ላይ አንቱ መባባል የለም፤ ታላቅም ታናሽም አንተና አንቺ ነው። ኢምራንን ግን እርስዎ እለዋለሁ። ለኔ አጥር ነው፤ እሱ አክብሮት ይመስለዋል።

እንግዲህ ማክሰኞ የጠዋቱን ሰልፍ ሸኝቼ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆምኩ በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ፊት ደረስኩ። ነገሩን አስረዳኋትና አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት።

«እስቲ እዪኝ። ሞቻለሁ?»

«እኔማ አየሁሽ እናቴ። ግን ዛሬ ፊትም ድምፅም ማንም ይሠራዋል። መዝገቡ የሚያምነው ሰው የጻፈለትን ሰው ብቻ ነው።»

በሕይወት ያለ ሰው፣ ከዋናው አድራሻው፣ ወደ ዋናው አድራሻዬ፣ አርብ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አንድ መልእክት ቢልክልኝ ይበቃል አለች። ከቀን አድራሻ የተላከ አይቆጠርም፤ ሰው ይሁን ለፍላፊ አይለይማ። አንቺው ለምን አትጽፊልኝም ስላት ደነገጠች። «የኔን እናቴም አታውቀው፤ ዋናህን ለጥላህም አትስጥ ሲባል አልሰማሽም?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

ለምን ቀድሞ እንዳልተነገረኝ ጠየቅሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስት ማስጠንቀቂያ ልከው ወንፊቴ ሦስቱንም ለፍላፊ ናቸው ብሎ መልሷቸዋል። ጥፋቱ የወንፊቱ አይደለም፤ የመንግሥት ደብዳቤና የፍራሽ ማስታወቂያ አጻጻፋቸው አንድ ነው። ልጅቷ ይህን ስትፈልግ ሌላም ነገር አገኘች። ወንፊቱ ከመለሳቸው መካከል ሃያ አራቱ ከአንድ ሰው የመጡ ናቸው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ፣ በየዓመቱ ሁለት ሁለት። ላኪው ሰው መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ግን አድራሻው ለዓለም ሁሉ ክፍት ስለሆነ ወንፊቱ አላሳለፈውም። የተመለሰ ደብዳቤ ደግሞ እንደደረሰ አይቆጠርም። ወንፊቱ ከተነሳ የድሮዎቹም ይገባሉ፣ ለመዝገቡ ግን አዲስ ያስፈልጋል አለች። የላኪውን ስም መናገር አይፈቀድላትም።

መናገርም አላስፈለጋትም። ድሬዳዋ ውስጥ አድራሻው ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ በግድግዳ ነው የምዋሰነው። እስከ ቤቴ በእግሬ ተጓዝኩ፣ እየተብሰለሰልኩ። የኔን አድራሻ ማን ሰጠው? ከያሬድ በቀር ያለው ሰው አልነበረም። የሞተን ሰው ደግሞ አይቆጡትም።

ረቡዕ ሌሎች ሰዎች ሞከርኩ። ከኢምራን ሌላ የሚጽፍልኝ ሰው ቢገኝ መከራ የለም፤ ወንፊቴን ሳላነሳ እተርፋለሁ። መጀመሪያ የያሬድ እህት ቤቴል ዘንድ ሄድኩ። አቅፋኝ አለቀሰች፣ በሕይወት ሳለሁ ለቅሶዬን ደረሰችኝ ማለት ይቻላል፤ ግን ዋናውን አድራሻ ከባሏ ጋር ነው የሚጋሩት፣ እሱን ሳታማክር አይሆንም አለች። ባሏን አማከረችው። አይሆንም አለ። ከሰዓት በኋላ የሃያ ዓመት ደንበኞቼን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሁሉም ያዝናሉ፣ ሁሉም ወደ ሱቄ ግንባር ቀና ብለው ጽሑፉን ያያሉ፣ ሁሉም ይሄዳሉ። አንዷ «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም። አነጋገሯ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ለካ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሸጥ የኖርኩት ለራሴ የሚጽፍ ሰው እንዳይገኝ ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጥቂት ብቻ፣ ደንበኛ እስኪመጣ።

ጋሽ ናቲን ለመጨረሻ አስቀርቼው ነበር። ጋሽ ናቲ የእድሩ ሊቀመንበር ከሆነ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ደንብ የሚወድ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሽማግሌ። አድራሻውን ለገዛ ልጆቹም እንዳልሰጠ ነገረኝ። «ሶሊ፣ አቦ፣ ኩላሊቴን ጠይቂኝ እሰጥሻለሁ» አለ፤ አምነዋለሁም። ከዚያ አቀርቅሮ ሲቁለጨለጭ ቆየና ስለ ድንኳኑ አነሳ። በደንቡ መሠረት መዝገብ ቤቱ የአባል ሞት ለእድሩ ሲያስታውቅ ድንኳን ይጣላል። ቅዳሜ ግን ድንኳኑ ለሰርግ ተይዟል። ስለዚህ ቅር ካላለኝ አርብ ከሰዓት ቀደም ብለው ቢጥሉት ይሻላል።

«በሕይወት አለሁ እኮ ጋሽ ናቲ።»

«እሱን ደንቡ አያውቅም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ንፍሮው ከገብስ ወይስ ከስንዴ ይሁን ብሎም ጠየቀኝ። ከስንዴ አልኩት።

ሐሙስ ቀረኝ። ሐሙስን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ሆኜ አሰብኩ። ኢምራን ከጻፈልኝ ወንፊቱን ማንሳት አለብኝ፤ ወንፊቱ ከተነሳ የእሱን አድራሻ ተከትለው ለፍላፊዎቹ ሁሉ ይገባሉ፣ የገባ ደግሞ አይወጣም። የቀን አድራሻ ሻጭ ሆኜ ዋናው አድራሻዬ ክፍት ነው ከተባለ ማን ከኔ ይገዛል? ጥርሱ የረገፈ የጥርስ ሐኪም ማለት ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ አርብ ማታ ሞትኩ ማለት ነው፤ ከቤት ውጪ፣ በሩ ሳይከፈትልኝ፣ በገዛ ድንኳኔ ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ንጹሕ ሆኜ የኖርኩት ለዚህ ነው ወይ አልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሱቁን ዘጋሁና የኢምራንን በር አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተው የቬንትሌተር ክንፍ በእጁ ይዞ ነው። ከኋላው ሦስት አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጮኻል።

«ኢምራን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«እርስዎ ስትዪኝ ሁልጊዜ ወደ ኋላዬ አያለሁ፤ ማን መጣ ብዬ» አለና ሳቀ።

ነገሩን ነገርኩት። ከጋሽ ናቲ ሰምቶ ኖሯል፤ እስክመጣ ነው የጠበቀው። ራሱ ቀድሞ ያልጻፈው ወንፊቱን እኔው ፈቅጄ ካላነሳሁት እንደማይቆጠር ስላወቀ ነው፤ የድሮ ደብዳቤዎቹ ግን ለፍላፊዎቹ እየቀሩ ለንባብ ብቻ የደረሱኝ መስሎታል። ሻይ ሊያፈላልኝ ሲል እምቢ አልኩ። ክንፉን ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«እጽፍልሻለሁ። ግን ብቻዬን አልመጣም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት እንደሚከተሉኝ ቆጥሬ አላውቅም። እኔ ለምጃቸዋለሁ፤ አንቺ ጸጥታ የምትወጂ ሴት ነሽ። ነገ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ አስቢበት። ከቆረጥሽ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጊው፣ እልካለሁ። ካልመታሽ አልቀየምም።»

አድራሻዬን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። ያሬድ ነው የሰጠው፤ ሐኪም ቤት ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ። «ሶልያና ሰው አታስቸግርም፣ ስለዚህ አንተ ጠይቃት። አትመልስልህም፤ ግን ታነባለች» ብሎታል። ኢምራን ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ቅያሜ የለም። መልስ ጠብቆ እንደማያውቅ፣ ማንበቤ ብቻ እንደሚበቃው ነገረኝ።

አፈርኩ። ሃያ አራቱም ወንፊት ላይ እንደቀሩ፣ አንዱንም እንዳላነበብኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አሥራ ሁለት ዓመት የጻፈን ሰው እንዴት ብለህ እንዲህ ትለዋለህ? «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩ። ልወጣ ስል በሩን ይዞ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ያንን ሁሉ ጩኸት በእጁ አመለከተኝ።

«ድምፁስ? አሁንም እንዳለ ይሁን?»

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ሊጽፍልኝ ቃል የገባ ሰው ነው፣ ከደጁ ቆሜ ደግሞ እንዴት ዝቅ ያድርጉት እላለሁ? «ምንም አይል፣ እንዳለ ይሁን» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና በሩን ዘጋ። ቤቴ ገብቼ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ደጄ ላይ ተጣለ። የእድሩ ሰዎች ወንበር ደረደሩ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው መጡ፣ ጡሩምባ ነፊው ማስነገሩን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አቆይቶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቤቴልም ከባሏ ጋር ጥቁር ለብሳ መጣች። የሚመጣው ሁሉ እኔኑ ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል፤ ሌላ ምን ይበል? ከሁሉም ጋር እጨዋወታለሁ፣ ሻይ እቀዳለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። መሞት እንዲህ ከሆነ ቀላል ነው አልኩ በሆዴ፤ ሁሉም መጥቷል፣ ሁሉም ያዝናል፣ ግን አንድ መስመር የሚጽፍ የለም።

አሥራ አንድ ከሃያ ሲሆን እንግዶቹን ድንኳን ውስጥ ትቼ ወደ ቤት ገባሁ። በሩ «አርባ ደቂቃ ቀርቷል» አለኝ። ወንፊቱን ከፈትኩ። «ካነሱት መልሶ አይጫንም። ያንሱት?» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ጸጥታ አሰብኩት፤ ምን አደረግኩበት? በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሰማሁት የኢምራንን ፍራሽ ሻጭ ብቻ ነው። አነሳሁት። ከዚያ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታሁ።

መጀመሪያ የገባው የኢምራን ነበር። «ሶልያና፣ ይኸው ጻፍኩ። በሕይወት መኖርሽን መስክሬያለሁ፤ ውሸት ከሆነ በኔ ነው።» በሩ ወዲያው ድምፁን አስተካክሎ፣ መልእክት መድረሱን፣ መዘጋቱ መሰረዙን፣ መዝገብ ቤቱ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተናገረ። ያን ሳይጨርስ የተቀሩት ገቡ። በምድጃው፣ በመስኮቱ፣ በቁም ሳጥኑ። አንዱ ለወገቤ እያሰበ ፍራሽ አቀረበልኝ። አንዲት ሴት እንደ እህት ተቆርቁራ ስለ ጥርሴ ጠየቀችኝ። ሌላው የመቃብር ቦታ፣ ለዛሬ ብቻ በቅናሽ። «ዘገየህ» አልኩት። ሳላስበው ሳቅሁ። ለካ እኔም መልስ እየሰጠኋቸው ነው።

ወጥቼ ለሰዎቹ መትረፌን ነገርኳቸው። እልል አሉ። ቤቴል ጥቁሯን ነጠላ አውልቃ በነጭ ቀየረችው፤ ተጠንቅቃ ሁለቱንም ይዛ ነበር የመጣችው። ጡሩምባ ነፊው ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ጋሽ ናቲ ንፍሮ አንዴ ከተቀቀለ አይመለስም፣ ለጤናዋ እንብላው አለና ሁሉም ቆረጠመ። ጨዋታው ደራ፤ ከቤቴ ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት ማንም አላነሳም። አንዷ ደንበኛዬ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ቅዳሜ ሱቁ ይከፈታል ወይ አለችኝ። ይከፈታል አልኳት። «ሁለት ያዢልኝ» አለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወንበራቸውን አጣጥፈው ሄዱ። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩና የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ከፈትኩ። ሃያ አራቱም ከለፍላፊዎቹ መሐል በተራቸው ቆመው ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው የተጻፈው ያሬድ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው።

«ሶልያና፣ እንደምን አለሽ? ግድግዳችን ስስ ነው። ስታለቅሺ ይሰማኛል። ከጓሮ ያሉት ተከራዮችም ይሰማሉ፤ ጠዋት ቧንቧው ላይ ሲያወሩብሽ ሰማኋቸው። አንቺ ኩሩ ሴት ነሽ፣ ሰው እንዲሰማሽ አትወጂም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የኔን ለፍላፊዎች ከፍ አደርጋቸዋለሁ፤ አንቺ እንደልብሽ አልቅሺ። የሚረብሽሽ ከሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ፣ ወዲያው ዝቅ ይላል። ካልጻፍሽልኝ ይሁን እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ። ጎረቤትሽ ኢምራን።»

ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ ይልና መጨረሻው ላይ «ድምፁ እንዳለ ነው፤ በቃ ስትዪ ጻፊልኝ» ይላል። ሦስተኛው የእንቁጣጣሽ ነው፣ መጨረሻው ያው። አራተኛውም። አንዱ ላይ ብቻ «ሐኪሙ ጆሮህ እየተጎዳ ነው ብሎኛል፣ ግን ለአንቺ ካስፈለገ ችግር የለም» የሚል አለ። ሃያ አራቱንም እስከ መጨረሻው አነበብኩ። እየጮኹ ያሉት የራሴ ለፍላፊዎች ናቸው፣ ከማዶ የሱ ይጮኻሉ፣ እኔም በመሐላቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ማንም አልሰማኝም። ለዓመታት እንዲሁ ማንም አልሰማኝም ነበር ለካ።

ፊቴን ታጠብኩና ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ጻፍኩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለሰው ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብዙ ልጽፍ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ሰርዤ በመጨረሻ ይህችን ብቻ ላክሁ።

«ኢምራን፣ አሁን ደህና ነኝ። ዝቅ አድርገው።»

ከግድግዳው ማዶ ፍራሽ ሻጩ ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ። ጥርስ ሻጯም ዝም አለች። እኔም የራሴን ዝቅ አደረግኩ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ኢምራን ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ለራሱ ሲናገር፣ ቃል በቃል፣ ጥርት ብሎ፦

«አልሐምዱሊላህ። ደንቁሬ ነበር እኮ፣ አቦ።»